መንጋጋው የታሰረ ሰው ምን ይብላ?

ለአስታማሚዎችና ለታካሚ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ዛሬ እዚህ የተገኛችሁት አብዛኞቻችሁ፣ መንጋጋው ተሰብሮ ወይም ከመንጋጋው እጢ ወጥቶለት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በቤታችሁ ስላለ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ሐኪሞቹ አስረድተዋችኋል፤ የእኔ ንግግር ከዚያ በኋላ በእናንተ ማዕድ ቤት ስለሚሠራው የሕክምና ክፍል ይሆናል። መንጋጋው የታከመ ሰው በምግብ በኩል የሚጎዳባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጊዜው ሳይደርስ ጠንካራ ነገር ማኘክ ነው፤ ይህን ሁሉም ይፈራዋል፣ ሐኪሙም ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እርሱም «ለስላሳ ምግብ» ሲባል መረቅና ጁስ ብቻ ተደርጎ እየተወሰደ፣ ታካሚው ቤተሰቡ ከበውት በፍቅር እየተንከባከቡት ሳለ መራቡ ነው። በሰፊው የምናገረው ስለዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚያስፈልገው ሁሉ በየቤታችን ስላለ፣ ሳናውቅ ስንቀር ያሳዝነኛል።

አስቀድሜ መንጋጋ ዕረፍት ለምን እንደሚያስፈልገው ባጭሩ ልበል። ከፊታችን አጥንቶች መካከል የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ስናኝክ፣ ስናወራ፣ ስናዛጋ፣ ምራቃችንን ስንውጥ እንኳ ሥራ ላይ ነው። እጅ ሲሰበር በጀሶ ታስሮ ከአንገት ይንጠለጠላል፤ መንጋጋን ግን እንዲህ ማሳረፍ ስለማይቻል ሐኪሞች ከሁለት ዘዴ አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ይጠቀማሉ። አንደኛው የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ በሽቦ ወይም በላስቲክ አንድ ላይ ማሰር ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ የልጆች አጥንት ቶሎ ስለሚገጥም ለእነርሱ ጊዜው ያጥራል። ሌላው የተሰበረውን አጥንት በትንንሽ የቲታኒየም ብረትና በብሎን ማያያዝ ነው።

በብረት የተያያዘለት ሰው አፉን መክፈት ስለሚችል፣ ቤተሰብ «ይኸው ድኗል» ብሎ በሳምንቱ እንጀራ በጥብስ ሊያቀርብለት ይነሣል። ነገር ግን ጤነኛ ጎልማሳ በመንጋጋ ጥርሱ አጥብቆ ሲነክስ የሚያሳርፈው ኃይል ከ50 ኪሎ በላይ ክብደት ሊደርስ ይችላል፤ ያቺ ትንሽ ብረት ደግሞ የተሠራችው የተሰበሩትን ጫፎች በቦታቸው ለመያዝ እንጂ ይህን ሁሉ ኃይል ለመሸከም አይደለም። አጥንቱ ጠንክሮ እስኪገጥም ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ቆሎ የቆረጠመ፣ ጫት የቃመ ወይም ማስቲካ ያኘከ ሰው ብሎኑ ሊላላበት፣ አጥንቱ ከቦታው ሊንሸራተትበትና ጥርሱ አልገጥም ሊለው ይችላል፤ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ያኔ መዳኛው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ስለዚህ ብረት የገባለትም ሰው ቢሆን፣ ሐኪሙ ካልፈቀደለት በቀር ከ4 እስከ 6 ሳምንት የማይታኘክ ወይም በምላስ ብቻ የሚፈርስ ምግብ ይመገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ወጣት አስታውሳለሁ፤ ተገልብጦ መንጋጋው በሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ጥርሱ በሽቦ ታስሮ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ለክትትል ሲመጣ ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት በአንድ እጁ ይዞት ነበር የገባው። እናቱ አጠገቡ ቆመው፣ «ልጄ ምን ጎደለበት? ጠዋት ማታ የቅልጥም መረቅ በፔርሙዝ አቀርብለታለሁ፤ ቀን ቀን ጁስ አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?» አሉኝ። እኚህ እናት ከሥጋ ቤት ቅልጥም ለመግዛት ገንዘባቸውን አልሰሰቱም፤ እንቅልፋቸውንም አልሰሰቱም። የጎደለው እርሳቸው የሚያቀርቡት ነገር በውስጡ ምን እንደያዘ የነገራቸው ሰው ነው።

የተሰበረ አጥንት በአጥንት መረቅ ይጠገናል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ሆኖም አጥንት ለሰዓታት ቢቀቀል በውስጡ ያለው ካልሲየም አብዛኛው እዚያው አጥንቱ ላይ ይቀራል፤ ወደ መረቁ የሚወጣው ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂት ስብና ጥቂት ፕሮቲን ነው። መረቁ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፣ ሆድም ይሞላል፤ ሆድ ስለሞላም ሰውየው የበላ ይመስለዋል። ጁስም ከዚህ ብዙ አይለይም። አንድ ብርጭቆ የፓፓያ ጁስ ቪታሚን አለው፣ የሆድ ድርቀትም ያስታግሳል፤ ነገር ግን ያለው ፕሮቲን ወደ 1 ግራም ብቻ ነው። ቁስል የሚሽረውም ሆነ አጥንት የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። ከምግብ በቂ ፕሮቲንና ኃይል ያላገኘ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል፤ የዚያ ወጣት ሱሪ የሰፋውም በዚህ ምክንያት ነው። መረቁን ጣሉት አልልም፤ ሽሮውን፣ አጥሚቱን፣ የተፈጨውን ሥጋ በውሃ ፋንታ አቅጥኑበት እላለሁ። ያን ጊዜ መረቁ ምግብ ይሆናል።

ከቀዶ ሕክምና የሚያገግም ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ተብሎ ይገመታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ በጓዳችን ባለው ነገር እናስላው። አንድ ሊትር ወተት ወደ 32 ግራም ይሰጣል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል ይጨምራል። መቶ ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 20 ግራም ይይዛል። አንድ እፍኝ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ፣ 30 ግራም ያህል ቢሆን፣ ወደ 8 ግራም ይሰጣል። ሲደመር 72 ግራም ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ አንዱም ማኘክ አይፈልግም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ስኳርና ማር የበዛበትን አጥሚትና ጁስ እንዳያዘወትር።

ስለ አጥሚት ትንሽ ልቆይ፤ አያቶቻችን አራስ ሴት ደም ፈሷት፣ ጉልበቷ አልቆ ስትተኛ ያዘጋጁላት ምግብ ለመንጋጋ ታካሚ የሚሆን ፍጹም ምግብ ነውና። አንድ ሊትር ወተት በደንብ ይፍላ። በሌላ ዕቃ አራት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት ጓል እንዳይኖረው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥና በፈላው ወተት ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ሩብ ሰዓት ያህል በዝግተኛ እሳት ከበሰለ በኋላ፣ በሹካ በደንብ የተመታ ሁለት እንቁላል ማማሰሉን ሳታቆሙ በቀጭኑ አፍስሱበት፤ ካቆማችሁ እንቁላሉ ይቋጥርና በሽቦው አያልፍም። እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ እንዲበስል ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት፤ ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ መጠጣት ያበረታል የሚባለውን ተዉት፣ አፉ ውስጥ ቁስል ያለበትን ሰው ለተቅማጥና ለትውከት ማጋለጥ አይገባም። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት፤ ይህቺ አንዲት ማንኪያ ብቻዋን 100 ካሎሪ ያህል ትሰጣለች። የወተት ዱቄት ካለ ሁለት ሦስት ማንኪያ በወተት አሟምታችሁ ጨምሩበት፤ ውፍረቱን ሳይለውጥ ምግብነቱን ከፍ ያደርገዋል። ቅቤው የተነጠረ ከሆነ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ቅንጣት እንዳይኖር ሁሉንም በወንፊት አጥልሉት።

ወንፊቱን የማነሣው ለማሳመር አይደለም። ጥርሱ በሽቦ የታሰረ ሰው ምግቡን የሚያስገባው በጥርሶቹ መካከል ባለችው ስንጥቅና ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ባለችው ክፍተት ነው። በዚያች ክፍተት የሽንኩርት ክር፣ የቲማቲም ፍሬ፣ ያልደቀቀ የተልባ ገለባ አያልፍም፤ በሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ይቀርና ይሸታል፣ ድዱንም ያቆስላል። ስለዚህ ሽሮው በአልጫ ይሠራ፣ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ ይብሰል፣ ከዚያም ይጠለል። በርበሬና ሚጥሚጣ በአፍ ውስጥ ያለውን ስፌት ስለሚያቃጥሉ ለጊዜው ይቅሩ። ምስር ክክ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች ሁሉም በደንብ ተቀቅለው፣ ደቀው፣ በወተት ወይም በመረቅ ቀጥነው ይሆናሉ። አቮካዶ ስቡ ብዙ ስለሆነ ከማንጎና ከፓፓያ ይልቅ ኃይል ይሰጣል፤ በወተት ቢመታ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። በሶም ጥሩ ነው፤ ቀጠን ተደርጎ በወተት ይበጥበጥና ይጠለል። ሥጋና ዶሮ የግድ ይቀራሉ ማለት አይደለም፤ ከአጥንቱ እስኪለይ ተቀቅሎ ከመረቁ ጋር በብሌንደር ይፈጭና ይጠለላል። ብሌንደር የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ቤት ሙቀጫ አለው፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ በዘነዘና ከደቀቀ በኋላ በመረቅ ተበጥብጦ በወንፊት ያልፋል። ድካም አለው፤ ቢሆንም ሊታለፍ የማይገባው ድካም ነው።

የሚቀርበው መጠን ከለመድነው ይለያል። በቀን ሦስት ጊዜ በማዕድ ዙሪያ መቀመጥ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይበቃም፤ አንድ ሳህን ፈሳሽ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ይታክተዋልም። በትንሽ በትንሹ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ያህል ይቅረብለት። ከዚህ ውጭ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ምግቡን ጨምሮ በቀን ከ2 ሊትር ያላነሰ ፈሳሽ ይውሰድ። ብዙዎች የሚያማርሩት የሆድ ድርቀትም በአብዛኛው ከውሃ ማነስ፣ ከምግቡ ገለባ ማጣትና ከአንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች የሚመጣ ነው፤ የተጠለለ የተልባ ውሃና ፓፓያ ይረዳሉ።

አመጋገቡን በቅርብ ላሳያችሁ። ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ አይመገብ። ሐኪሙ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ከሰጣችሁ፣ ጫፉ ላይ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ይሰካበታል። ቱቦው በጉንጭና በጥርስ መካከል ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ጥርስ ይገባል፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ ገፋ አድርጋችሁ ትጠብቃላችሁ። እርሱ ሲውጥና በዓይኑ ወይም በእጁ ሲፈቅድላችሁ እንደገና ትገፋላችሁ። የሚመግበው ሰው ከቸኮለ ትንታ ይመጣል፤ አፉ ለታሰረ ሰው ትንታ ከባድ ነገር ነው። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ አብዛኛው ታካሚ ሲሪንጁን ራሱ ይይዘዋል፤ ሲጠይቅ ስጡት፣ በራሱ እጅ መብላት ሞራሉን ይጠግናልና። በስትሮው መሳብ ግን አፍ ውስጥ ያለውን ስፌት ሊያስከፍት ስለሚችል፣ መጀመሪያ የቀዶ ሐኪሙን ፈቃድ ጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የብዙ ሰው የታችኛው ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል፤ ትኩስ ነገር ቢያቃጥለው አይሰማውም። ስለዚህ ምግቡን በክንድ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ለብ ያለ መሆኑን ሳታረጋግጡ አታቅርቡ።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አፉ ይጠብ። ወተትና አጥሚት በሽቦ መካከል ከቀሩ ይኮመጥጣሉ፤ ጥርስ ያበላሻሉ፤ ቁስልም ያመረቅዛሉ። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሟሟበት አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይጉመጥመጥ። በትንሽ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ የጥርሱን የውጭ ገጽ በቀስታ ይቦርሽ። ሐኪሙ ያዘዘለት የአፍ ማጠቢያ መድኃኒት ካለም በታዘዘው መሠረት ይጠቀም።

ስለ ትውከት መናገር ግዴታዬ ነው፤ ሰው ሁሉ በልቡ የሚፈራው ይህንን ነውና። አፉ የታሰረ ሰው ሲያቅለሸልሸው ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ራሱንም ዝቅ ያድርግ፤ የበላው ፈሳሽ ስለሆነ በጥርሶቹ ክፍተትና በአፍንጫው ይወጣል። መረጋጋት ይኖርበታል፤ እናንተም አትጩኹበት። ነገር ግን መተንፈስ ካቃተው የማሰሪያው ሽቦ ወዲያውኑ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ የሽቦ መቁረጫ ዘወትር ከታካሚው ጋር ይሁን፤ ሲተኛ ከራስጌው፣ ሲወጣ ከኪሱ አይለይ። ከሆስፒታል ሳትወጡ የትኛው ሽቦ በምን በኩል እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ወይም ነርሷ በጣታቸው እያመለከቱ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ከትውከት አደጋው የተነሣም አፉ ታስሮ ሳለ አልኮል ፈጽሞ አይጠጣም። ክኒን መዋጥ ስለማይችልም መድኃኒቱ በሽሮፕ መልክ እንዲሰጠው አሳስቡ፤ ክኒን ፈጭታችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ ሲፈጩ የሚጎዱ ክኒኖች አሉና።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ሥርዓት የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ከጾሙ የሚታገሥበት መንገድ አለ፤ በእስልምናም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ከዳነ በኋላ እንዲያወጣ ቁርኣን ይፈቅዳል። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ የምለምናችሁ ወደ ሃይማኖት አባቶቻችሁ ስትሄዱ ጉዳዩን ሳታለዝቡ፣ «መንጋጋው ታስሯል፣ የሚወስደው ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ክብደቱም እየቀነሰ ነው» ብላችሁ እንድታስረዱ ነው። ይህም ሆኖ ከወተትና ከእንቁላል እርቃለሁ የሚል ታካሚ ሲያጋጥም፣ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ የተጠለለ የሱፍ ውሃ፣ በውሃ የተመታ የለውዝ ቅቤ፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ ዘይት የተጨመረበት ሽሮና ምስር አሉ። ያን ጊዜ መጠኑ መብዛት፣ የመመገቢያው ሰዓትም መደጋገም ይኖርበታል።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ቤቱ ዶሮ ዶሮ ሲሸት፣ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ፣ አፉ የታሰረ ሰው ከማዕድ ርቆ ክፍሉ ይቀመጣል፤ ይህን ያላዩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚያስከፋ ላይገምቱት ይችላሉ። ዶሮው በርበሬ ከመግባቱ በፊት የእርሱ ድርሻ በአልጫ ይለይለት፤ ሥጋውና እንቁላሉ ከመረቁ ጋር ተፈጭተው፣ ተጠልለው በኩባያ ይቅረቡለትና ከሰው ጋር ይቀመጥ። ጉርሻ ግን ይቅር። የታሰረው ሽቦ ከተፈታ በኋላም ቢሆን ጉርሻ አደገኛ ነው፤ ጉርሻ አፍን በሰፊው ያስከፍታል፣ የጎረሰም ሰው ያጎረሰውን ላለማሳፈር ሲል እያመመውም ቢሆን ያኝካል። ዘመድ አዝማድ እንዳይቀየም፣ ሐኪም ከልክሎታል ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ክብደቱን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ልብስ መዝኑትና ጻፉት። ጥቂት መቀነስ የተለመደ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ፣ ማለትም ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ ከቀነሰ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪሙ አሳውቁ። እንዲሁም ጎድሎ የነበረ እብጠት እንደገና ከጨመረ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከታየ፣ ሽቦው ከላላ፣ ጥርሱ ከቀድሞው በተለየ መንገድ ከገጠመ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ምንም መውሰድ ካቃተው ወዲያው ይዛችሁት ኑ።

ሽቦው የሚፈታበት ቀን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጥብስ ቀን አይደለም። ሳምንታት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ መንጋጋ ይደርቃል፤ አፉ በመጀመሪያ ጣት እንኳ ላያስገባ ይችላል፤ የማኘኪያ ጡንቻውም ከስቷል። ሐኪሙ በሚያሳየው አፍ የመክፈት እንቅስቃሴ እየታገዘ ከፈሳሽ ወደ ላመ፣ ከላመ ወደ ለስላሳ ይሸጋገራል። ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ፤ ምግቡ በሁለት ጣት መካከል ያለ ጉልበት የሚፈርስ ከሆነ በምላስም ይፈርሳል። ቀጠን ያለ ገንፎ በቅቤ፣ የቡላ ገንፎ፣ አይብ፣ የተቀጠቀጠ ድንች፣ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር፣ በደንብ የበሰለ መኮሮኒ፣ ሙዝ ከዚህ ይመደባሉ። እንጀራ በሽሮ በደንብ ርሶ ፍትፍት ሲሆን ቀጥሎ ይመጣል። የተከተፈና በደንብ የበሰለ ሥጋ ከዚያ ይከተላል። ደረቅ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቆሎና ሸንኮራ ግን ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ አጥንቱ መግጠሙን አረጋግጦ በአፉ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆያሉ።